ተሜ ለማስክ ሲከራከር

ልጄ ፀዳለ፣ አምላክ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ የጅጅጋ ነፋስ ብቻ አላስቀምጥ ብሎናል። የጎረቤታችን የሀምዲያ ልጅ አገባች።

ወንድምሽ ተሜ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበር ወኪል አድርጎት፣ ነገ ስለ ጭስ መከላከያ ማስክ ከአለቆቹ ጋር ይደራደራል። «ዝም በል፣ እንጀራህን ታጣለህ» እያልኩ ስጨቀጭቀው ከረምኩ።

ዛሬ ገበያ ውስጥ ሻይ ሻጮቹን ስለ ጋዝና ከሰል ሲያስተምር ደረስኩበት። «ጭስ ከበዛ ጨርቅ አርጥባችሁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ውጡ» ሲል አንዷ ሻይ ሻጭ ዐናብ ጮኸችበት።

«አንተስ ስትገባ ምን ትሸፍናለህ? ባለፈው እሳት የትከሻዬን ጋርባሳር አይደል እንዴ ውሃ ነክሬ የወረወርኩልህ!»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ለእኔ ግን ያኔ ገባኝ። ለካ ልጄ እሳት ውስጥ የሚገባው በሴት ነጠላ ተሸፋፍኖ ኖሯል!

እቤት ስንገባ «ተናገር» አልኩት። ግን እንደ አባቱ ቱግ ባይ ነው። እህትሽ ኤፊ ይህን በቴሌግራም ትልክልሻለች። እባክሽ፣ ጠዋት ስብሰባ ሳይገባ ደውይለት። ተው አትበይው፤ ሳትቆጣ ተናገር በይው። አንቺን ይሰማል። እኔማ እስኪመለስ በር በሩን ሳይ ልውል ነው።

ልጆችሽን አያታችሁ ስማችኋለች በያቸው። እመቤቴ ሁላችሁንም በደጅም በቤትም ትጠብቅልኝ።