የካሜራው አዲስ አድራሻ

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም፤ እሑድ

ለልጄ ለሱሀይብ፤

አላህ በሄድክበት ሁሉ ከክፉ ይጋርድህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኢምባካሲ ሰፈር የምትኖረው እህትህም ሰላም ብላሃለች።

አባትህ፣ ከዶሃ ሆነህ እንድታየው ባስገጠምከው ካሜራ ፊት፣ በየጠዋቱ ጢሙን አበጥሮ ይቀመጣል፤ እጁንም ያነሳልሃል። ትናንት የኢንተርኔት ሠራተኛው መጥቶ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለውን ራውተር ሲያይ፣ «ማማ፣ ሰኞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ካሜራው ከራውተሩ ሌላ የአድራሻ ቁጥር ተሰጥቶታል። ልጅዎ ከውጭ እንዲያይ የከፈተው መግቢያ፣ ፖርቱ፣ ግን አሁንም ወደ አሮጌው ቁጥር ነው የሚልከው፤ ስለዚህ ምንም አይታየውም» አለኝ። አድራሻው እንዳይቀየር አድርገህ መመዝገብ ነበረብህ። ሥራ በግማሽ እንደማይተው አስተምሬህ ነበር። ቁጥሩን ራሴ አስተካክዬ ሁለቴ አረጋገጥኩ።

ዕረፍት የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ አላየኸንም፤ «ምን ሆናችሁ?» ብለህም አልጠየቅክም። ታመህ ነው? ወይስ ሥራ በዝቶብህ? ሁለቱንም እያሰብኩ ቤቱን እዞራለሁ።

ይህን ሁሉ ለአባትህ አልነገርኩትም። ዛሬ ጠዋት «አይቶኝ ይሆን?» ሲለኝ፣ መዋሸት ስለማልችል ወደ ጓሮ ወጣሁ። አላህ ጤናህን ያብዛልህ፣ ልጄ። እባክህ ደውልለትና መልሱን አንተው ስጠው።

እናትህ ኩለሱም