ብቻዬን ስለ መቃጠሌ የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ የጋራ መድን ማኅበራችን የቦርድ ሰብሳቢ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ዓመታዊ ሪፖርታችን እንዲያምር፣ እንቅልፍዎም በእኛ በአባላቱ ጣጣ እንዳይደፈርስ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዋጮዬን አንድም ወር ያላጓደልኩ፣ ባለፈው ወር የእንጨት ሥራ ቤቴ በኤሌክትሪክ ኮንታክት እሳት ተነሥቶበት ከነመላጊያ ማሽኑ የነደደብኝ አባልዎ ነኝ። ስድስት ሠራተኞቼ ዛሬም ጠዋት ጠዋት እየመጡ አመዱ ፊት ይቆማሉ፤ ስለ እነሱም ስል ለእርስዎ በአደባባይ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

አንደኛ፣ መጠባበቂያችንን በተመለከተ፣ ማኅበሩን ያቋቋሙት አዛውንቶች ቀመር የማያውቁ ምስኪኖች ስለነበሩ የሁለት ሦስት ሱቅ ቃጠሎ የሚችል ገንዘብ ዝም ብለው ያስቀምጡ ነበር። እርስዎ ያስመጧቸው የሒሳብ ሊቅ ግን ገንዘቡ ያለ ሥራ የተኛ መሆኑን በሰሌዳ ላይ አስረድተውን፣ አብዛኛው ለጠለፋ መድን፣ ማለትም መድን ሰጪውን ራሱን መድን ለሚገባለት የባሕር ማዶ ኩባንያ እንዲከፈል ተወሰነ። በዚያ ስብሰባ ከማንም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ ምንም ስላልገባኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ያ ኩባንያ መክፈል የሚጀምረው በአንድ እሳት አሥራ አንድ ሱቅ ሲቃጠል መሆኑን የሰማሁት የእኔ ከተቃጠለ በኋላ ነው። የቀረችው መጠባበቂያ ደግሞ ለተሰበረ መስታወት ትበቃለች። ከመስታወት በላይ ከአሥራ አንድ ሱቅ በታች የሚደርሰውን ጉዳት ሊቁ በጥናታቸው «ኢምንት» ብለውታል፤ ኢምንቱ አባል እኔ መሆኔን በዚህ አጋጣሚ በታላቅ አክብሮት አስተዋውቃለሁ።

ሦስተኛ፣ «ጉዳትዎ የተናጠል ሆኖ በመገኘቱ እናዝናለን» የሚለው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለዚህ ጥፋት ተጠያቂዎቹ ጎረቤቶቼ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ በነፍሰ ጡር ወገቧ ባልዲ ስታመላልስ፣ ጫማ ሠሪው እሳቱ እንዳይሻገር የገዛ ቆርቆሮ ግድግዳውን ገነጣጥሎ ጣለ፤ እኔም እንደ ጅል አቅፌ አመሰገንኳቸው። አሥር ሱቅ በማትረፋቸው እኔን ከነልጆቼ ሜዳ ላይ እንዳስቀሩኝ ልነግራቸው አንደበቴ እምቢ ብሎኛልና፣ ክቡርነትዎ በማኅበሩ ማኅተም ቢያስታውቁልኝ።

አራተኛ የለኝም። እንዲያው አፍሬብዎታለሁ፤ ሰው ተቃጥሎ ሲመጣ ቁጥርህ አነሰ የሚል ሰው ሰብሳቢዬ ብዬ አልጠራም።

ስለ ሰፊው ቢሮዎ፣ ስለ አጭሩ መልስዎና ስለማይሳሳተው ቀመርዎ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለሚመጣው እሳት ብዙ ሆኜ እንድመጣ ምኞቴን እገልጻለሁ።

ታዛዥዎ፣ ኢምንቱ አናጺ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የባለቤቴ ወንድም ከመንገዱ ማዶ ያለው የንግድ መድን ኩባንያ ወኪል ነው። ቀመሩ በጸደቀ በሳምንቱ መኖሪያ ቤትዎን እሱ ዘንድ መድን እንዳስገቡ በኩራት አጫወተኝ። የእርስዎን አርአያ ለመከተል ትናንት ጎረቤቶቼን ይዤ ሄድኩ፤ አሥሩም ተመዘገቡ። እኔን ግን የሚመዘገብ ሱቅ ስለሌለኝ አንገቱን ደፍቶ መለሰኝ።