ደረጃ የሌለው ክፍል

ውድ ዋሂዳ፣

እናቴንና ልጆቼን ይዤ ቆሰበር የገባሁት በከተማዋ የፈረሰኞች በዓል ዋዜማ ነው። ሆቴሉ ሁሉ ሞልቷል። አንዲት ባለ ሆቴል ግን ምድር ቤት ያለ ሰፊ፣ ንጹሕ ክፍል በአዘቦት ቀን ዋጋ ሰጠችን። እኛ አዳማ በበዓል ሰሞን እንዲህ የሚያደርግ ስለሌለ ጠረጠርኩ። አንሶላውን አሸተትኩ፤ ቁልፉን ደጋግሜ ሞከርኩ።

«ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ እናቴ።

«ጉድለቱ» አልኳት።

ቁም ሳጥኑን ስከፍት የሴት ቀሚሶች ተሰቅለዋል። የሰው ክፍል አከራየችን ብዬ ባለ ሆቴሏን በቁጣ ጠራኋት።

«የኔው ክፍል ነው» አለች። «እናትሽ ወደ ፎቁ የሚያስወጣውን ደረጃ አይተው ፊታቸው ሲለወጥ ጊዜ ለቀቅሁላቸው። እኔ እህቴ ዘንድ አድራለሁ።»

ቀሚሶቿን አጣጥፌ ሰጠኋት። ይቅርታ ለማለት ግን እስካሁን እንዳፈርኩ ነኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ልጆችሽን ሳሚልኝ።

አፊያ