ከሁለት የቀለም ጣሳ የተሠራ ጡንቻ፦ የአጎታችን የጋሽ ሲሚንቶ የሕይወት ታሪክ

አጎታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሲሚንቶ» እያለ የሚጠራቸው፣ ጫማ በመጠገን ይተዳደሩ ከነበሩት አባታቸውና የሰው ልብስ በማጠብ ቤቱን ይደግፉ ከነበሩት እናታቸው ኅዳር 9 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሁለተኛው ነበሩ። ሲወለዱ ከእሳቸው የቀጠነ ሕፃን በምድር ላይ አልነበረም፤ አዋላጇ በአንድ እጇ እሳቸውን ይዛ በሌላው እጇ በር ከፍታ ወጣች ይባላል። እናታቸውም ነፋስ በነፈሰ ቁጥር «መስኮቱን ዝጉ፣ ልጄ እንዳይሄድብኝ» ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ይህ የዚያን ዘመን ስምንተኛ ክፍል ነው፤ በዛሬው ቢመነዘር ሁለት ዲግሪ ወጥቶት መልስ ይኖረዋል። በ1961 ዓ.ም. አባታቸው በድንገት ስላረፉ ትምህርቱን አቋርጠው ያገኙትን ሁሉ ሲሠሩ ቆዩና በ1964 ዓ.ም. በአንድ የዱቄት መጋዘን በጫኝና አውራጅነት ተቀጠሩ። እናታቸውና ሦስት ታናናሾቻቸው የዚያን ደመወዝ መንገድ ይጠብቁ ነበር።

እንግዲህ የዱቄቱ ከረጢት ሃምሳ ኪሎ ነው። አጎታችን አርባ ሰባት ኪሎ ነበሩ። ይህ የተጋነነ አይደለም፤ በመጋዘኑ ሚዛን ላይ ቆመው ታይቷል። በመጀመሪያው ቀን ከረጢቱን በትከሻቸው ሲያደርጉላቸው ተያይዘው ወደቁ፤ ከዱቄቱ ውስጥ ፈልጎ ለማውጣትም ሦስት ሰው አስፈልጓል። የመጋዘኑ አለቃ መጥተው ከላይ አይተዋቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ከሁለታችሁ የትኛችሁ ነው ተሸካሚው?» ብለው ጠየቁ። ቀጥለውም፣ «አንድ ወር ሰጥቼሃለሁ። ወሩ ሲሞላ ካልተሸከምክ ሌላ ሥራ ፈልግ» አሉ።

በዚያን ጊዜ ስፖርት ቤት ከፍለው የሚገቡ ሰዎች ነበሩ። አጎታችን የሚከፍሉት አልነበራቸውም። ስለዚህ ከግንበኛ ጎረቤታቸው የተራረፈ ሲሚንቶ፣ ሁለት ባዶ የቀለም ጣሳና አንድ የውኃ ቧንቧ ለምነው፣ በዓለም የመጀመሪያውን የቤት ውስጥ ብረት ሠሩ። ሌላ ሰው ቀድሞ ሠርቶ ከሆነ ይቅረብ። አንደኛውን ጣሳ በሲሚንቶና በጠጠር ሞሉት፤ ጠጠሩ አለቀ። ሁለተኛውን በአሸዋ ጀመሩት፤ አሸዋውም አለቀባቸውና ከጎረቤት አናጢ ቤት ሰጋቱራ ጠርገው አምጥተው ጨረሱት። በቧንቧው ሁለት ጫፍ ተተክለው ሲደርቁ ሁለቱ ጣሳዎች መንታ መሰሉ። እሳቸውም ከውጪ አይተው ረኩ።

ነገር ግን ወዲያው ብረቱን ወደ ማንሳት አልሄዱም። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ፑሻፕ፣ ቁጭ ብድግና ባልዲ ውኃ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ብቻ ነበር። ፑሻፑን በግድግዳ ተደግፈው ጀመሩ፤ ከዚያ በአግዳሚ ወንበር፣ ከዚያ በመሬት። ምሳቸው ባቄላ፣ እራታቸው ምስር፣ ዕድል ሲቀና እንቁላል ነበር። ሌሊት ለስምንት ሰዓት ያህል ይተኛሉ፤ ይህንንም ከሥራው እኩል ይቆጥሩት ነበር። በኋላ ዘመን በእጃቸው ያለፈ ጀማሪ ሁሉ በዚሁ መንገድ አልፏል። የጡንቻ ማሳደጊያ ዱቄት በቆርቆሮ ገዝቶ ለሚመጣ ወጣትም፣ «ልጄ፣ እኔ ዱቄት ውስጥ ነው ያደግኩት። ሂድና ባቄላ ብላ» ይሉት ነበር።

ወሩ በሞላበት ቀን መጋዘኑ ሥራ ፈትቶ ተሰበሰበ። አጎታችን ከረጢቱን ተሸክመው አሥራ አምስት እርምጃ ሄዱ። አለቃው አሥራ ስድስተኛውን ሳይጠብቁ «በቃ፣ ይቆይ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እንባ ነው ይላሉ ያዩት፤ ዱቄትም ሊሆን ይችላል። አጎታችን በዚያ መጋዘን ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተው፣ በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው አለቃ ሆነው በጡረታ ተገልለዋል።

ሥራው ከተረጋገጠ በኋላም ብረቱን አልተውትም። በቤታቸው ጓሮ የሚሠሩት የአጎታችን ክንድ መወፈሩን ያዩ የሰፈር ልጆች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። በሁለት ግድግዳ መካከል የብረት ቧንቧ ተጋደመ፤ ከአሮጌ በር አግዳሚ ተሠራ፤ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ተሰቀለ። መግቢያው ነፃ ነበር። በ1975 ዓ.ም. አጎታችን በሰውነት ግንባታ ውድድር ቀርበው ሦስተኛ ወጥተዋል። ተወዳዳሪዎቹ ስንት እንደነበሩ መጠየቅ በዚህ ቀን ተገቢ አይደለም። ብቻ ከዳኞቹ አንዱ ደጋግሞ፣ «ቀጥ ብለህ ቁም እንጂ!» ሲላቸው፣ «ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት» እያሉ ሲመልሱ ውድድሩ አልቋል።

ምስጢሩ የተፈታው በቀጣዩ ዓመት፣ ኮት ለማሰፋት አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ በሄዱ ጊዜ ነው። ልብስ ሰፊዋ ትከሻቸውን ለክተው፣ ደግመው ለክተው፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «ወንድሜ፣ ቀኝዎ ከግራዎ በሁለት ጣት ይበልጣል። በቀኝ በኩል ምን ተሸክመው ነው የሚዞሩት?» አሏቸው። አጎታችን ወደ ቤት ሮጠው ብረቱን ወደ መጋዘኑ ሚዛን ወስደው በየጫፉ መዘኑት። ባለጠጠሩ አሥራ አራት ኪሎ፣ ባለሰጋቱራው አሥራ አንድ ሆነ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠጠሩ በቀኝ ነበር። ተማሪዎቻቸውም አሰላለፉን ሳይቀይሩ ስለሠሩ፣ በዚያ ዘመን የእሳቸው ተማሪ መንገድ ላይ ሲሄድ ከሩቅ ይታወቅ ነበር፤ ሁሉም ወደ ግራ ዘንበል ብለው ነው የሚሄዱት።

አዲስ ጣሳ ይሙሉ ቢባሉ፣ «ይሄ ብረት እናቴን አብልቷል፤ አልሰብረውም» አሉ። ይልቁንም በየአምስቱ አነሳስ ብረቱ እንዲዞር ሕግ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጓሮ ያለፈ ሰው አምስት ባለ ቁጥር «አዙር!» የሚል ጩኸት ሰምቷል። በግብዣ ላይ አምስት ጉርሻ በልቶ ሳህኑን የሚያዞር ሰው ካያችሁ፣ የእኛ ነው። ኮቱ ግን በልክ ተሰፋ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ያችኑ ልብስ ሰፊ አገቡ። በ1980 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

አጎታችን በዘመናቸው ቢያንስ አሥር ሺህ ሰው አሠልጥነዋል። ባለቤታቸው ሁለት መቶ ቢሆኑ ነው ይላሉ። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ አንከራከርም።

በ2006 ዓ.ም. ልባቸው ታመመ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ከሻይ ብርጭቆ የከበደ ነገር እንዳያነሱ» ሲላቸው፣ «ብርጭቆው ከነሻዩ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ማንሳቱን ግን አቆሙ። በርጩማ አምጥተው ጓሮው መካከል ተቀምጠው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሌላው ቆጠሩ።

በዚህ ጊዜ ነው አንድ ነገር ሊያስጨንቃቸው የጀመረው። ልጃቸው በላቦራቶሪ ባለሙያነት ተመርቃ በሆስፒታል ትሠራለች፤ አንዳንድ ጊዜ አዳሯ ሥራ ላይ ነው። ጠዋት ገብታ ጋደም ስትል የሃያ ሰው ማቃሰት ይቀበላታል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት፣ «አባዬ፣ ይሄ ግቢ አንድ ቀን የእኔ ይሆናል። ያን ቀን ብረቱን በሙሉ አስወጣዋለሁ» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን የጓሮውን በር ቁልፍ በክር አስረው አንገታቸው ላይ ማዋል ጀመሩ። ለማን እንደሚተዉት ለባለቤታቸው ስንት ጊዜ አንስተዋል። ይህን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው የእህታቸው ልጅ ለቁልፉ ተገቢው ሰው እንደነበረ ሰፈሩ በሙሉ፣ ምናልባትም ከተማው በሙሉ ያምን ነበር።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሕመሙ ጠንቶ ሆስፒታል ገቡ። ቁልፉን ለሰው ሳይሰጡ ስለገቡ ነርሶቹ ከልብሳቸው ጋር ለልጃቸው አስረከቧት። በማግስቱ የእህታቸው ልጅ ሰፈሩን ለማጽናናት በማለዳ ወደ ጓሮው ሲደርስ በሩ ተከፍቶ አገኘው። ልጅቷ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ጓጉንቸር ይዛ በሩን ለመዝጋት ነበር የመጣችው። ነገር ግን ስኳር ያለበት የአውቶቡስ ሾፌር፣ ወገቡን የሚያመው ፖስተኛና ሌሎች ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። ሾፌሩም፣ «እህቴ፣ ግድ የለም ትዘጊዋለሽ። የዛሬን ብቻ ቁጠሪልን፤ ቆጣሪ ከሌለ እንዋሻለን» አላት። እሷም ለዚያን ቀን ብላ ተቀመጠች። በማግስቱም ተቀመጠች። የላቦራቶሪ ሰው በመሆኗ አቆጣጠሯ ምሕረት የለውም፤ ክንዱ ሙሉ ካልተዘረጋ፣ «ይሄ አልተቆጠረም!» ትላለች። የእህታቸው ልጅ ሃያ ዓመት ሙሉ በሃያ ሲቆጠርለት የኖረው ፑሻፕ በእሷ እጅ አሥራ አንድ ሆኗል።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱም አጎታችንን ሊጠይቁ ሄዱ። «ጓሮው እንዴት ነው? ስንት ሰው ይመጣል?» ብለው ጠየቁ። የእህታቸው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ስልሳ ሰው ነው የሚመጣው! በሩ አልበቃም!» አላቸው። ልጃቸው ደግሞ፣ «ዘጠኝ፣ አባዬ። ሐሙስ ዕለት ስምንት፤ ፖስተኛው ቀርቷል» አለች። አጎታችን ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ከዚያ ለእህታቸው ልጅ፣ «አንተ በልብህ ነው የምትቆጥረው፣ ልጄ። እሷ በዓይኗ ነው» አሉት። ለእሷም፣ «ቁልፉ አንቺ ጋ ይቆይ» አሏት።

እሷም ቅድመ ሁኔታ አቀረበች፤ ጠዋት የወንዶች፣ ከሰዓት የሴቶች ይሁን አለች። «ብረቱ አይበቃችሁም» ሲሏት፣ «እንጨምራለን» አለች። አጎታችንም ወዲያው ወረቀት አስመጥተው የሲሚንቶውን፣ የአሸዋውንና የጠጠሩን ልክ በገዛ እጃቸው ጻፉላት። ከታቹም «በሚዛን!» ብለው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

ከሆስፒታል ወጥተው በባለቤታቸው፣ በልጃቸውና በወዳጆቻቸው እንክብካቤ ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ ወራት አልጋቸው ወደ ጓሮው መስኮት ተጠግቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ሲሠሩ የልጃቸውን ድምፅ ይሰሙ ነበር፤ ስትቆጣም ይስቁ ነበር። ሚያዝያ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል።

አጎታችን ለሰው ጉልበት እንጂ ገንዘብ ያላበደሩ፣ ጀማሪን ያላሳፈሩ፣ ከሲታ ልጅ ባዩ ቁጥር ገጻቸው የሚበራ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ እህታቸውን፣ የወንድምና የእህት ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ጓሮ ሙሉ ሰው ትተው ሄደዋል።

ቤተሰቡ በሐዘኑ ከጎኑ የቆማችሁትን ሁሉ ያመሰግናል። ጓሮው ዛሬ ብቻ ዝግ ነው። ነገ በተለመደው ሰዓት እንደሚከፈት፣ ለቅሶም ለመዘግየት ምክንያት እንደማይሆን ልጃቸው አሳስባለች።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደክማ ከመጣችበት መንገድ ያሳርፍልን። ለባለቤታቸው መጽናናትን፣ ለልጃቸው ደግሞ የማይሰለች ድምፅ ይስጥልን። አሜን።