ከዛፉ ሥር የተውኩት ዳቦ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

እናቷ ሞታባት ሰዎች ያሳደጓትና በግንቦት ወደ ጫካ የለቀቋት ድብ ዛሬ ወደ እኛ መጣች። የእኛ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ አንገቷ ላይ ያለው ማሰሪያ የሚልከውን ድምፅ በመቀበያው እየሰማን ያለችበትን መመዝገብ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ሩቅ ነበረች። ዛሬ ድምፁ እየጎላ፣ እየጎላ መጣና መኪናውን ፓርክ ካደረግንበት ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ብቅ አለች።

"እትዬ ዘነበች፣ እንግዳዎ መጣችልዎ" አለኝ ከምንኖርበት ከስማይርና ከተማ በመኪናው የሚያመላልሰኝ ጌታቸው። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። "ይቺ እኮ ሰው አትፈራም። የሆነ ሰው አብልቷታል። ሰው ደጅ መሄድ ከለመደች ይገድሏታል።"

ባለፈው ቅዳሜ ከማኅበር የተረፈ ዳቦ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የተባረከ ዳቦ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። ለወፎች ይሁን ብዬ መኪናውን ከምናቆምበት አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተውኩት። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ አፈሩን በአፍንጫዋ ስትምስ አየኋት።

በየጊዜው የምንሞላው ቅጽ "ምግብ የሰጣት ሰው አለ?" ይላል። "የለም" ብዬ ጻፍኩ። ወንድሞቼ በልጅነታቸው የተማሩትን መጻፍ እኔ በሃምሳ ዓመቴ፣ ሰው እየሳቀብኝ ነው የተማርኩት። ያ ሁሉ ለዚህ ውሸት ነበር? እውነቱን ብናገር ያባርሩኛል። በዚህ በአሜሪካ ከልጆቼ ቤት ሌላ የሚጠብቀኝ ቦታ ያ ጫካ ብቻ ነው።

ጌታቸው ቅጹን ሰኞ ያስገባዋል። ልደውልለት ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። ድቧ ግን ከዛፉ ሥር ምንም ስታጣ ወደ ጫካው አልተመለሰችም። ቁልቁል፣ ከጫካው በታች ሰው ወደሚኖርባቸው ቤቶች ነው የሄደችው።