በፈረንጅ አሥራ አራት

ቤዚ፣

ከእህትሽ ቤት ስትመለሺ ቁልፉን ከጎረቤታችን ከናስራ ውሰጂ። ውሃ ቅዳሜ ስለሚመጣ ጀሪካኖቹን በር ላይ አውጪ።

የናይሮቢው አውቶቡስ ዛሬ ጠዋት ነው የሚነሳው። ይህን ስታነቢ ሄዷል። እኔም ሄጃለሁ።

ቲኬታችን ላይ ያለው ታኅሣሥ 14 በፈረንጅ ነው። አንቺ ግን የ1998ቱ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ላይ 14ን በቀይ እስክሪብቶ ስትከብቢው አይቻለሁ። በሐበሻ ዛሬ ገና አምስት ነው። ሦስት ጊዜ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር።

ዘጋሁት።

ለሽርሽራችን ላሙ ደሴትን ብመርጥ «ደሴት ላይ ምን ልንሠራ?» ብለሽ ሰረዝሽው። የኬንያን ተራራ ብጽፍ ብርድ አልወድም አልሽ። ኪሱሙንማ ሳትጠይቂኝ ነው የሰረዝሽው። ያንቺ ሞምባሳ ብቻ ቀረ። እሱንም ችዬ ነበር።

ያልቻልኩት የእሑዱን ነው። እዚህ በኬንያው ሞያሌ ተወልዶ ያደገ ሰው ወደ ናይሮቢ ሲወርድ «ኬንያ ልሄድ ነው» ይላል። እኔም እንደ ልማዴ ብል፣ እጮኛዬ ሱራ ፊት «ታዲያ የቆምሽበት አገር ምን ይባላል?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እሱም አብሮሽ ሳቀ።

ወንበርሽ ላይ ቦርሳዬን አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ የምሄደው ላሙ ነው።

ድስቱ ውስጥ ምስር ወጥ አለ፤ ሳይበላሽ ብዪው።

ቀረሁ ብለሽ ደግሞ አትዘኚ። የቆምሽበትም ኬንያ ነው ብለሻል። ከሱራ ጋር እዚሁ አጠገባችን ያለችው ቡቲዬ መንደር ድረስ በእግራችሁ ውጡና ጎብኙት።

ፋናዬ