ጥቅስ ከነምንጩ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሣህለ ማርያም፤

በጉምና በውርጭ አገር ያለህ ወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው ክረምት ደረትህን ይዞህ የነበረው ሳል ለቀቀህ ወይ? እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ? ጾሙንስ በሰው አገር እንዴት ትይዘዋለህ? እኛን ልደትንና ጥምቀትን በሰላም ያሻገረን አምላክ ይመስገን፤ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። አባታችንና እናታችን በሞጣ ደኅና ናቸው፤ አባታችንም ቅኔ ማስተማራቸውን አልተዉም። እኔም እዚህ ቢቸና አራተኛ ክፍልን ማስተማሬን ቀጥያለሁ።

ጥናትህን የያዘው ፖስታ ከጥምቀት በፊት ደረሰኝ። መዝገበ ቃላት ከጎኔ አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁት። በትክክል ተረድቼው እንደ ሆነ አንተው ፍረድ። ሐኪሞች ያለቀውን የዳሌ መገጣጠሚያ አውጥተው በሰው ሠራሽ ይተካሉ፤ ስለዚህም ሥራ በየመጽሔቱ ሲጽፉ ቀድሞ የጻፈውን ሰው ዋቢ ይጠራሉ። አንተ «መገጣጠሚያው በወጣቶችም ሰውነት ሳይላላ ብዙ ዘመን ይኖራል» የሚለውን አንድ ቃል ይዘህ ዱካውን ተከተልህ። ስድሳ ያህል ጸሐፊዎች ይህንኑ ቃል ብለውታል፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል፤ ያም ሌላውን። መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚደርሱት ወደ አንድ ጽሑፍ ነው። ያም ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነው፤ ስለ ወጣቶቹ «ተስፋ እናደርጋለን» ከማለት አላለፈም። ተስፋው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እርግጥ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ተቀምጬ ማንበብ አልቻልሁም፤ ብድግ ብዬ ጨረስሁት። ይህን የጻፈው የእናቴ ልጅ ነው ብዬ ኮራሁ።

ከጥናቱ ጋር የላክኸው ጥያቄ ግን ኩራቴን በሐሳብ ለወሰው። ቃሉን ምንጩን ሳያዩ ካስተላለፉት አንዱ የራስህ መምህር መሆናቸውንና ስማቸውን ካልፋቅህ ለጥናትህ እንደማይፈርሙልህ ነግረኸኛል። ካልፈረሙ ያለፉት ዓመታት ድካምህ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ብትፍቀው ደግሞ እውነቱን ጎደሎ ታደርገዋለህ። «መምህርን ማሳፈር መርገም እንዳያመጣብኝ አባታችንን ጠይቂልኝ፤ ቃላቸው እስኪደርሰኝ አልወስንም» ብለሃል። ስለዚህ የዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት እንደ ገባ በጭነት መኪና ተሳፍሬ በግንደወይን በኩል ሞጣ ገባሁ።

እናታችን የሰው ዳሌ በብረት እንደሚተካ ስነግራቸው «እንግዲህ ልጄ ቀጥቃጭ ሆነልኝ በይኛ፤ እንደ ዶለዶመ ማረሻ የእኔንም ጉልበት ይሞርድልኝ» ብለው ሳቁ። አባታችን ግን አልሳቁም። እኔ ነገሩን ለማስረዳት ከስድሳው ጀመርሁ፤ ስድሳ ሊቃውንት አንድ ቃል ሲናገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሚመስል ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ገና ሳልጨርስ «ስድሳዎቹ ከማን ሰሙ?» ብለው ጠየቁኝ። ከአንድ ሰው ነው አልኋቸው። አንተ ከልጅነትህ እንደምታውቀው፣ በማኅሌት የቅኔው ባለቤት ቅኔውን በዝግታ ሲዘርፍ አጠገቡ የቆመው ተቀባይ ለጉባኤው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያሰማለታል። አባታችንም ነገሩን ወዲያው ወደዚያ ወሰዱት፤ «ዘራፊው አንድ ከሆነ ተቀባዩ ስድሳም ቢሆን ቅኔው አንድ ነው፤ ምስክሩም አንድ» አሉ።

ስለ መምህርህ ጉዳይ ግን መልስ አልሰጡኝም። «መምህርን ስለ ማሳፈር መምህር አይፈርድም፤ ለራሱ ያደላል፤ እስቲ ጊዮርጊስ ይለፍ» አሉኝ።

ጥር ፲፰ ቀን የጊዮርጊስ ዝርወተ ዐፅሙ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ተማሪዎቻቸው በግቢው ዛፍ ሥር ተሰብስበው የበዓሉን ቅኔ ይጫወቱ ጀመር። ከመካከላቸው አንዱ፣ ስለ ሰማዕቱ ዐፅም በነፋስ መበተን የተቀኘውን፣ ከሞጣ እስከ ግንደወይን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቅኔ አሰማና «የየኔታ ነው» አለ። ያን ጊዜ ፋንታ የሚባል ከየጁቤ የመጣ ተማሪ ተነሣ። «የኔታ ይፍቱኝ፤ በእኛ አገር ይህ የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ነው ይባላል፤ እኔም ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ» አለ። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ። አንዱም «የየጁቤ ሰው የዓባይን ነፋስ ሳይቀር የእኔ ነው ይላል» ብሎ አሳቀበት። ልጁ ግን አልተቀመጠም።

አባታችን መቋሚያቸውን ተደግፈው አቀረቀሩ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብዬ ቆሜ ነበርና ፊታቸውን ማየት አልቻልሁም፤ ልቤ ግን ስለ ፋንታም ስለ አንተም ይመታ ነበር። ኋላ ቀና ብለው፣ «እውነት ነው። ዘራፊው ገብረ ኪዳን ነው፤ እኔ ተቀባዩ ነበርሁ። የእርሱ ድምፅ ቀጭን፣ የእኔ ጎላ ያለ ስለ ነበር ሰው የእኔ አደረገው። መጀመሪያ አስተባበልሁ፤ ኋላ ማስተባበሉ ሰለቸኝ» አሉ። ከዚያም ፋንታን ጠርተው ከራሳቸው አጎዛ ላይ አስቀመጡት፤ ቅኔውንም በገብረ ኪዳን ስም እንደገና አስባሉት። ያሳቀበት ተማሪ ራሱ ተቀባይ ሆኖ አሰማ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ፍርዳቸውን ነገሩኝ። እንዳትረሺ ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና ቃላቸውን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፦ «አስቀድሞ ወደ መምህሩ ቤት ይሂድ፤ ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት ፊት ለፊት፣ በትሕትና ይንገራቸው። ስማቸውን ግን ከነክብራቸው ይጻፈው እንጂ አይፋቀው። እኔ በአደባባይ ተነግሮኝ አልሞትሁም። መገጣጠሚያው የሚላላበት ሰው በመምህሩ ክብር ተመርኩዞ አይሄድም። አንፈርምም ካሉም ሌላ ፈራሚ ይፈልግ፤ መርገም ብሎ የሚፈራው የእኔን ምርቃት አያልፍም።»

ወንድሜ፣ እኔም በበኩሌ የምለው ይህን ነው። ያን ቀን በአንድ በኩል በአባቴ፣ በአንድ በኩል በአንተ ኮርቼ ዋልሁ። ሁለታችሁ ከባሕር ወዲህና ወዲያ ሆናችሁ አንድ ሥራ ስትሠሩ አየሁ። ፊርማው ቢዘገይም፣ ቢቀርም፣ ከዚህ ቤት የሚወቅስህ ሰው አይኖርም። የሆነውን ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

እናታችን ወለተ ገብርኤል ዓይንህን ይስማሉ፤ የሱፍ ልብስ ሳትደርብ እንዳትወጣ ብለዋል። እኅታችን ባንቺዓለም ሁለተኛ ልጇን በሰላም ተገላግላለች፤ ስሙን አንተ አውጣለት ትላለች። ፋንታም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል። ለቤት አከራይህ ለእመቤቲቱም የእኔን ሰላምታ አድርስልኝ። አባታችን የሰላምታቸው ብዛት በወረቀት አይያዝም። በጥናትህ መግቢያ ላይ «ከማን ሰማህ ብዬ እንድጠይቅ ያስተማረኝ አባቴ ነው» ብለህ መጻፍህን ሳነብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማለዳ ልሳፈር ስል ግን እስከ መኪናው ሸኝተውኝ ይህን አሉኝ፦ «እኔ ያን ጥያቄ የሰማሁት ከመምህሬ ከኃይለ ጊዮርጊስ ነው። የእርሳቸውን ስም ከእኔ በላይ ይጻፍ። እኔ ላይ ካቆመ እርሱም ከስድሳዎቹ ጋር ተቆጠረ።»

የምትወድህ እኅትህ
ይርጋነሽ

ቢቸና፣ ጥር ፳፭ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.